እህሌ ጣሪያው ሳያፈስ ለምን ሻገተ?

ሰንዳፋ አካባቢ ለወተት አርቢዎች፣ ለእህል ነጋዴዎችና ለወፍጮ ቤት ሰዎች የተደረገ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል። አድማጮች ያነሷቸው ጥያቄዎች መጨረሻው ላይ ገብተዋል።

እንደምን አላችሁ። ወንበር ያጣችሁ ወደ ፊት ኑ፤ እዚህ ጋ ቦታ አለ።

ብዙዎቻችሁ ይዛችሁት የመጣችሁት ጥያቄ አንድ ነው። «ጣሪያዬ አያፈስም፣ ወለሉ ሊሾ ነው፣ ግድግዳው ብሎኬት ነው። ታዲያ እህሌ ለምን ሻገተ?» ትላላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁላችንም ሻጋታን የምናያይዘው ከዝናብ ጋር ነው። ጣሪያ ካላፈሰ ውሃ የለም፣ ውሃ ከሌለ ሻጋታ የለም እንላለን። ውሃ ከሌለ ሻጋታ የለም፣ ይሄ እውነት ነው። ግን ውሃ መጋዘን ውስጥ የሚገኝበት መንገድ ብዙ ነው። የሚያፈስ ጣሪያ ከሁሉም ቀላሉ ነው ባይ ነኝ፤ ቢያንስ ይታያል፣ ሰው ይጠራና ይደፈናል። ዛሬ የማወራው ስለማይታዩት ነው። ከዚያ ደግሞ የተበላሸው እህል የት እንደሚሄድ እናያለን። እሱ ላይ ስደርስ ትንሽ ከፍ ብዬ ከተናገርኩ ከወዲሁ ይቅርታ።

የሻጋታ ዘር የሌለበት ቦታ የለም። አየሩ ላይ አለ፣ አፈሩ ላይ አለ፣ አሮጌው ጆንያ ላይ አለ፣ እህሉ ቅርፊት ላይ አለ። ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም። የሚቻለው እንዳይበቅል መከልከል ነው።

ባለሙያዎች የእህል ሻጋታን በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው የማሳ ነው። ፉዛሪየምና መሰሎቹ እህሉ ገና በቁሙ ሳለ ይይዙታል። እነዚህ ብዙ ውሃ ይፈልጋሉ። እህሉ ውስጥ 20 በመቶና ከዚያ በላይ እርጥበት ከሌለ አይመቻቸውም፤ እህሉ ሲደርቅ እድገታቸው ይቆማል። መርዛቸውን ግን ትተው ሊሄዱ ይችላሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወሎ ውስጥ የሰው እጅና እግር እስኪበሰብስ ያደረሰው፣ ኤርጎት የሚባለው የእህል ፈንገስ መርዝም የመጣው ከማሳ ነው። ገብስ ውስጥ ከበቀለ ሲናር ጋር ተቀላቅሎ ነው ሰው የበላው። እሱን ጎተራ አልፈጠረውም፣ ጎተራም አያድነውም። መፍትሔው ማሳና ማበጠሪያ ላይ ነው። ስለዚህ እንለፈው።

ሁለተኛው የመጋዘን ሻጋታ ነው። ዋናዎቹ አስፐርጊለስና ፔኒሲሊየም የሚባሉት ናቸው። የነዚህ ችሎታ በትንሽ ውሃ መኖር ነው። እኛ «ደርቋል» ብለን ጆንያ ውስጥ የከተትነው እህል ለነሱ በቂ ሊሆን ይችላል።

ስንት ነው በቂው? እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፣ ሌላው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። እህል ከዙሪያው አየር ጋር ውሃ ይለዋወጣል። በተዘጋ ጆንያ ውስጥ በፍሬዎቹ መካከል ያለው አየር የሚይዘውን እርጥበት የሚወስነው እህሉ ራሱ ነው። ያ አየር ከ65 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት በታች ከሆነ፣ ማለትም መያዝ ከሚችለው ውሃ ከመቶ 65 እጅ በታች ከያዘ፣ ምንም ሻጋታ አይበቅልም ማለት ይቻላል። 70 ሲያልፍ ይጀምራል። 80ን ሲያልፍ መርዘኞቹም ይመጣሉ። በስንዴ፣ በበቆሎና በማሽላ ሲመነዘር 65 እና 70 ማለት እህሉ ውስጥ 13 በመቶ አካባቢ ውሃ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ለነዚህ እህሎች 13ን ያዙ። 14 የሚያሰጋ ነው። 15 ሆኖ ወራት ሊቀመጥ አይገባም።

ለኑግ፣ ለለውዝና ለሰሊጥ ግን 13 ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ዘይት ውሃ አይይዝም። ኑግ ከክብደቱ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ዘይት ነው። ስለዚህ ያለው ውሃ በሙሉ የሚቀመጠው ዘይት ባልሆነው ክፍል ውስጥ ነው። 10 በመቶ እርጥበት ያለው ኑግ ሚዛን ላይ ደረቅ ይመስላል፤ ውሃው ያለበት ክፍል ብቻውን ቢለካ ግን ከ15 በመቶ በላይ ነው። ለዚህ ነው ለውዝ 7 በመቶ ድረስ ይድረቅ የሚባለው። ይህን ያዙልኝ፤ ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው፣ ላይ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። ጣሪያው ካላፈሰ ውሃው ከየት መጣ?

አንዱ ምንጭ ሻጋታው ራሱ ነው። እህሉ 14 በመቶ ሆኖ ገባ እንበል። መጀመሪያ የሚበቅሉት በትንሽ ውሃ የሚኖሩ የአስፐርጊለስ ዓይነቶች ናቸው። ዝምተኞች ናቸው፣ በዓይን ብዙም አይታዩም፣ ኃይለኛ መርዝም በማምረት አይታወቁም። ግን ይተነፍሳሉ። ስታርች በልተው የሚያወጡት የተቃጠለ አየር፣ ሙቀትና ውሃ ነው። በሒሳብ አንድ ኪሎ ስታርች ሙሉ በሙሉ ሲበላ ከግማሽ ሊትር በላይ ውሃ ይወጣዋል። ያ ውሃ ለመላው ኩንታል እኩል አይከፋፈልም፤ ሻጋታው የተነሣበት ቦታ ላይ ይጠራቀማል። ያ ቦታ ከ14 ወደ 16፣ ከ16 ወደ 17 ይወጣል። ያኔ ለነ አስፐርጊለስ ፍላቨስ ቤቱ ተዘጋጀላቸው። አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ የሚያመርተው እሱ ነው። ስለዚህ ማንም ውሃ ሳያፈስበት፣ በአንድ በመቶ ብቻ የበለጠ እርጥበት ይዞ የገባ እህል ራሱን በራሱ እያረጠበ ይሄዳል። እጃችሁን ጆንያ ውስጥ ስትከቱ መሃሉ ላይ የሞቀ ቦታ ካገኛችሁ ነገሩ ተጀምሯል ማለት ነው።

ነቀዝም ይሄንኑ ይሠራል። ይበላል፣ ይተነፍሳል፣ ያሞቃል፣ ያረጥባል። በዚያ ላይ ፍሬውን ይበሳና ለሻጋታው በር ይከፍትለታል። የሻጋታ ዘርንም በገላው ይዞ ከጆንያ ጆንያ ያዛውራል። ጤፍ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ነቀዝ ውስጡ ገብቶ ሊያድግ አይችልም። «ጤፍ አይበላሽም» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ነቀዝ አይነካውም፤ እርጥብ ከገባ ግን ይሻግታል። እንዲያውም ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ በመካከሉ አየር እንደልብ አያልፍም። ከሞቀ ሙቀቱ ቶሎ አይወጣም።

ሁለተኛው ምንጭ የኛ አየር ንብረት ነው። ብዙ ሰው የማያውቀውም ይሄ ነው።

ሰንዳፋ፣ ሱሉልታ፣ ሆለታ ሁላችሁም ደጋ ናችሁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሌሊት ደግሞ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ አንዳንዴም ውርጭ ይጥላል። እህል የሚከተተው በዚሁ ወቅት ነው። ቀን ላይ አውድማ ተሰጥቶ የሞቀ እህል እንደሞቀ ጆንያ ይገባል፣ እንደሞቀ ይከመራል። እህል ሙቀትን ቶሎ አያሳልፍም፤ የክምሩ መሃል ለሳምንታት እንደሞቀ ሊቆይ ይችላል። የክምሩ ዳርና ላይ ግን በየሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ሞቃት አየር ከመሃል እርጥበት ተሸክሞ ወደ ላይ ይነሣል። ከላይ ቀዝቃዛውን እህል ሲያገኝ እርጥበቱን እዚያው ያራግፋል። ከክምሩ በላይ ያለው የቆርቆሮ ጣሪያ ደግሞ ሌሊት ከሁሉም በላይ ይቀዘቅዛል። እርጥብ አየር ሲነካው ልክ እንደ ድስት ክዳን ያልበውና ጠዋት ላይ መልሶ እህሉ ላይ ያንጠባጥባል። ዝናብ የለም፣ ቀዳዳ የለም፤ የላይኛው ጆንያ ግን ረጥቧል። ሰውየው ቆርቆሮ ለዋጭ ይጠራል። አዲሱም ቆርቆሮ ያልበዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። እህሉን ከሰዓት በኋላ በሞቀበት አትክተቱት። ከደረቀ በኋላ ሸራ ሥር ይደር፣ ጠዋት ፀሐይ ወጥቶ ጤዛው ሲረግፍ ገና ሳይሞቅ ይከተት። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ይኑር፤ በማዳበሪያ የተሰፋ ኮርኒስም ይሠራል። ከጣሪያው ሥር ፊትና ኋላ ወፍ በማያስገባ ወንፊት የተሸፈነ መተንፈሻ ይተው። ክምሩ ጣሪያ አይንካ።

ሦስተኛው ወለልና ግድግዳ ነው። ሊሾ ደረቅ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ካለው መሬት ውሃ ይስባል። ከሥሩ ላስቲክ ሳይነጠፍ የተሠራ ከሆነ በክረምት የታችኛው ጆንያ ከሥሩ ይረጥባል። ብሎኬት ግድግዳም እንዲሁ ነው። ጆንያው ከወለሉ በእንጨት ርብራብ ይነሣ፣ ከግድግዳው ቢያንስ ሰው በጎን የሚያልፍበት ያህል ይራቅ። ይሄን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የማታደርጉት ቦታ ስለሚያባክን ነው፤ ይገባኛል። ኪራይ ውድ ነው። ግን ግድግዳ ላይ የተለጠፉት ጆንያዎች በነሐሴ ሲከፈቱ የዳነው ኪራይ ያስቆጫል።

አራተኛው የክረምቱ አየር ነው። ኅዳር ላይ 12 በመቶ ሆኖ የገባ ስንዴ እስከ ግንቦት ደህና ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን የኛ አየር ለረጅም ሰዓት ከ75 በመቶ በላይ እርጥበት ይይዛል። በማዳበሪያ ወይም በጆንያ ያለ እህል በቀዳዳው እየተነፈሰ ከዚያ አየር ውሃ ይስባል። ረጅም ከቆየ 15 በመቶ አካባቢ ሊደርስ ይችላል። «ሲገባ ደረቅ ነበር» የምትሉት ልክ ናችሁ። ሲገባ ደረቅ ነበር።

ብርዱ አይጠቅመንም ወይ? ይጠቅመናል። ነቀዝ ከ15 ዲግሪ በታች መራባት ያቆማል ማለት ይቻላል። አፍላቶክሲን በብዛት የሚመረተው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ስለዚህ እዚሁ ተመርቶ እዚሁ የተከማቸ የሰንዳፋ ስንዴ ከቆላው በቆሎ የተሻለ ዕድል አለው። ሁለት ነገር ግን አትርሱ። አንደኛ፣ ፔኒሲሊየም ብርድ አይፈራም። ከወገኖቹ አንዱ በቀዝቃዛ አገር ስንዴና ገብስ ላይ ኦክራቶክሲን የሚባል፣ ኩላሊት የሚጎዳ መርዝ ያመርታል። ሁለተኛ፣ የምንበላውና ከብት የምናበላው ሁሉ እዚህ የበቀለ አይደለም። በቆሎው፣ ኑጉ፣ ለውዙ ከኛ ይልቅ ከሚሞቅ አገር ነው የሚመጣው። መርዙን እዚያው ወይም መንገድ ላይ ይዞ ከመጣ የኛ ብርድ አያጠፋለትም።

ስለ ጉድጓድም ላንሣ። ሐረርጌ ማሽላ በጉድጓድ ያስቀምጣሉ። አንዳንድ ባለሙያ ኋላ ቀር ነው ብሎ ያጣጥለዋል፤ እኔ አልስማማም። በደንብ የተደፈነ ጉድጓድ ውስጥ እህሉና ነቀዙ ተንፍሰው ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፣ የተቃጠለው አየር ይጠራቀማል፣ ነቀዙ ያልቃል። ትልቅ ብልሃት ነው። ድክመቱ ግድግዳው ነው። አፈሩ እርጥበት ያስገባል፤ ስለዚህ በዳርና በታች ያለው ይሻግታል፣ የመሃሉ ይተርፋል። ደረቅ አፈር ያለበት ከፍ ያለ ቦታና ጥሩ የገለባ ልባስ ለውጥ ያመጣል።

አሁን ገበያ ላይ ያለው ባለሦስት ድርብ ከረጢት፣ ፒክስ የሚባለው፣ የሚሠራው በዚሁ ብልሃት ነው። ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ውጩ ማዳበሪያ ነው። አሜሪካ ያለው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መጀመሪያ የሠሩት ካውፒ የሚባለውን ጥራጥሬ ለሚያመርቱ የካሜሩን ገበሬዎች ነበር። ለኛ ሁለት ጥቅም አለው። ነቀዙን ያለ መድኃኒት ይገድላል፤ የክረምቱንም አየር አያስገባም። ደረቅ ሆኖ የገባ እህል ደረቅ ሆኖ ይወጣል። ግን የማያስገባው ላስቲክ አያስወጣም። እርጥብ እህል አስገብታችሁ ካሰራችሁት ውሃው መውጫ የለውም። ሻጋታ ለመኖር ከነቀዝ ያነሰ ኦክስጅን ይበቃዋል፤ እሱ ቢታፈን እንኳ እህሉ ይኮመጥጣል። ከረጢቱን የሚሸጡ ሰዎች ይሄን ጮክ ብለው ቢናገሩ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ወደ መርዙ።

እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች በአጭር ጊዜ አለቁ። ምክንያቱ ጠፍቶ «የኤክስ በሽታ» ተባለ። ሲጣራ ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ነበር የበሉት፤ ፋጉሎው ላይ አስፐርጊለስ ፍላቨስ በቅሎበታል። አፍላቶክሲን የታወቀው ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞቱ። የበሉት ቤት ውስጥ በእርጥቡ ያስቀመጡትን በቆሎ ነው።

እንዲህ ያለው በአንድ ጊዜ የሚገድል መጠን ነው፣ ደግነቱ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። የኛ ችግር ትንሽ በትንሽ የሚገባው ነው። አፍላቶክሲን ጉበት ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አረጋግጦ በመጀመሪያው ምድብ አስቀምጦታል። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ድርብ ይሆናል። ይሄ ቫይረስ አገራችን ውስጥ ብርቅ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

ይህ መርዝ በምግብ ማብሰያ ሙቀት አይጠፋም። ለመፍረስ ከ200 ዲግሪ እጅግ ያለፈ ሙቀት ይፈልጋል። የእንጀራው መሃል ከፈላ ውሃ በላይ አይሞቅም። ሽሮም ፈልቶ አይነጻም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ሽሮና በርበሬ ተመርምሮ ከናሙናዎቹ ጥቂቱ ላይ አፍላቶክሲን ተገኝቷል፤ የተፈጨ ነገር ቀለሙም ቅመሙም ሻጋታውን ይደብቃል። አረቄ ሲወጣ ደግሞ መርዙ ከእንፋሎቱ ጋር አይነሣም። አተላው ውስጥ ይቀራል። አተላውን ማን ይጠጣዋል? ላሟ።

ይቅርታ የጠየቅኩበት ቦታ ላይ ደረስን።

የሻገተ እህል ስናገኝ ምን እናደርጋለን? የእናቶቻችን እጅ ጎበዝ ነው። ለቅመው፣ አንፍሰው፣ ጥቁሩን፣ አረንጓዴውን፣ የተጨማደደውን ይለያሉ። ይሄ በሳይንስም ትክክለኛ ሥራ ነው። መርዙ ሁሉም ፍሬ ላይ እኩል አይደለም፤ ጥቂት ፍሬዎች ላይ ይከማቻል። እነሱን መልቀም ብዙውን መርዝ ያወጣል። ከዚያስ? የተለቀመው የት ይሄዳል? «ለከብት» እንላለን። ለዶሮ እንላለን። ከሁሉም የከፋው ለይተን፣ አጠራቅመን፣ ላሟ ፊት እናቀርበዋለን። ላሟ የበላችውን አፍላቶክሲን ጉበቷ ይለውጠውና ከፊሉን በወተት ታወጣዋለች። ብዙ አይደለም፤ ከበላችው በመቶ ከአንድ እስከ ሦስት እጅ አካባቢ ነው፤ ብዙ የምትታለብ ላም ላይ ከፍ ይላል። ወተቱ ላይ የሚታየው በአንድ ቀን ውስጥ ነው። ወተት በብዛት የሚጠጣው ማነው? ሕፃን። ማፍላት አያጠፋውም። አይብ ስትሠሩ ደግሞ ከወተቱ ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ አይቡ ውስጥ በኪሎ ሲለካ ይበዛል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አዲስ አበባንና ዙሪያዋን፣ ማለትም ወተት የምታቀርቡላትን እናንተን ጭምር፣ አይቷል። 110 የወተት ናሙና ተመረመረ። ሁሉም ላይ ተገኘ። የአውሮፓ ኅብረት የሚፈቅደው በሊትር 0.05 ማይክሮግራም ነው፤ ያንን ያሟሉት 9 ብቻ ነበሩ። አሜሪካ የምትፈቅደው አሥር እጥፍ የላላ ነው፣ 0.5። ያንንም 29 ናሙናዎች አልፈውታል። መኖውም አብሮ ታይቷል። ዋናው ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘው የኑግ ፋጉሎ ነው።

ለምን ፋጉሎ? ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ይሄ ነው። ኑግ በትንሽ እርጥበት ይሻግታል። ሲጨመቅ ዘይቱ ይወጣል፤ መርዙ ግን አብዛኛው ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ፋጉሎው በየግቢው ወለል ላይ ተቆልሎ፣ በክረምት አየር ላይ፣ ወራት ይቀመጣል። ጥፋቱን የናንተ ብቻ አላደርገውም። ኑጉን በእርጥቡ የገዛ አለ፣ ዘይት ቤቱ ጓሮ የቆለለ አለ፣ መንገድ ላይ ዝናብ ያስመታ አለ። ግን የመጨረሻዋ በር እናንተ ጋ ናት።

መለኪያ የሌላችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። ጨው ምጣድ ላይ አድርቁና አቀዝቅዙት። ክዳን ያለው ደረቅ ብርጭቆ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛውን በእህል ሙሉ፣ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሩ፣ ደህና አድርጋችሁ ነቅንቁና ሩብ ሰዓት አስቀምጡት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለው። አትክተቱት። ካልተጣበቀ ግን ከ15 በታች ነው ማለት እንጂ 13 ደርሷል ማለት አይደለም። አንድ ሁለት ቀን ይሰጣ። በጥርስ መስበርም ልምድ ላለው ሰው ይረዳል፤ 14ንና 13ን ግን ጥርስ አይለይም። ቁርጡን የሚነግረው የእርጥበት መለኪያ ሜትር ነው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተከፈተ።

ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት፦ «ልጄ፣ የሻገተውን አጥቤ ፀሐይ ላይ ባሰጣውና ባስፈጨው ምን አለበት?»

እማማ፣ ፀሐዩ ያደርቀዋል፣ ሻጋታው እንዳይቀጥል ያደርጋል። እስካሁን የተመረተውን መርዝ ግን አያወጣውም። ሲታጠብ ዱቄት የመሰለው ከላዩ ይነሣል፣ ሽታውም ይቀንሳል፤ ስለዚህ የዳነ ይመስላል። እኔ የምፈራው ያንን ነው። ልቀሙት፣ የታመመውን አውጡ፣ ግማሹ የታመመ ከሆነ ተስፋ ቁረጡበት። የወጣውን ደግሞ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ለዶሮም አይሰጥ።

አንድ ወጣት ነጋዴ፦ «እኛ ፎስቶክሲን እናደርጋለን። ያ አይበቃም?»

ወንድሜ፣ ፎስቶክሲን ነቀዝ ይገድላል፤ እርጥብ እህል አያደርቅም። ነቀዝ ሲሞት አንዱ የሙቀትና የውሃ ምንጭ ይቆማል፣ በዚህ ያግዛል። ካነሣኸው አይቀር ግን ሰው የሚተኛበት ቤት ውስጥ ወይም ከመኝታ ግድግዳ ጋር በተያያዘ ክፍል አታድርገው። የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። በጋዝ የማይበገር ሸራ ሳይሸፈን የተበተነ ክኒን ደግሞ ነቀዙንም በደንብ አይገድለውም፤ ገንዘብህ በንፋስ ነው የሚሄደው።

አንዲት ወተት አርቢ፦ «ፋጉሎ ካቆምኩ ወተቱ ይወርዳል። ላሞቼን ምን ላብላቸው?»

አቁሚ አላልኩም። ፋጉሎ ጥሩ ፕሮቲን ነው። መጠኑን ቀንሺና በፉርሽካና ካገኘሽ በአልፋልፋ አግዢው። የምትገዢው የቅርብ ጊዜ ጭማቂ ይሁን፤ መቼ እንደተጨመቀ ጠይቂ። ሰብረሽ አሽቺው፣ ጓል የሠራና ውስጡ ነጭ ወይም አረንጓዴ ያለው ይመለስ። አየሽው ማለት ግን መረመርሽው ማለት አይደለም፤ መርዝ ሻጋታ በማይታይበትም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የሦስት ወር አትግዢ፣ በክረምት የሁለት ሳምንት ይበቃሻል። ርብራብ ላይ አስቀምጪው። መርዙን አንጀት ውስጥ የሚይዝ ቤንቶናይት የሚባል የሸክላ ዓይነት መኖ ላይ የሚጨምሩ አሉ፤ ወተት ላይ የሚደርሰውን ይቀንሳል። ደስ የሚለው ነገር ላሟ የተበከለውን መብላት ካቆመች ወተቱ በሦስት አራት ቀን ውስጥ ይጠራል።

ከኋላ የቆሙ አንድ ትልቅ ነጋዴ፦ «ገበሬው እርጥቡን ያመጣል፤ እኔ ካልገዛሁ ጎረቤቴ ይገዛዋል። አድርቆ ላመጣውስ ለምን ብዬ ልጨምርለት?»

ጋሼ፣ ያሉት እውነት ነው፤ የችግሩም ሥር ይሄ ይመስለኛል። ገበሬው ቢያደርቅ ይከስራል። ሒሳቡን ልሥራልዎት። 18 በመቶ እርጥበት ያለው አንድ ኩንታል በቆሎ ውስጥ 82 ኪሎ ደረቅ እህል አለ፣ 18ቱ ውሃ ነው። ያው እህል ወደ 13 በመቶ ሲደርቅ 94 ኪሎ ከሩብ ብቻ ይመዝናል። ገበሬው ሦስት ቀን ደክሞ አድርቆ ስድስት ኪሎ ገደማ ከሚዛኑ ያጣል ማለት ነው፤ ዋጋው ግን ያው ነው። ማን ያደርቃል? እኔም አላደርቅም።

እርስዎ ግን እርጥቡን ሲገዙ ስድስት ኪሎ ውሃ በእህል ዋጋ እየገዙ ነው። ለምሳሌ የደረቀው ኩንታል 5,000 ብር ቢሆን 18 በመቶ ያለው ዋጋው 4,712 ብር አካባቢ ነው መሆን ያለበት። 5,000 ከከፈሉ ወደ 290 ብር ለውሃ ከፍለዋል፤ ከዚያ የሚሻግተው ሲጨመር ኪሳራው ከዚህም ይበልጣል። ለደረቀው ይጨምሩ አላልኩም። ከእርጥቡ ላይ ውሃውን ይቀንሱ። ጎረቤትዎ ለብቻው ቢገዛውስ ላሉት፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የዚህ ገበያ ነጋዴዎች ብዙዎቻችሁ አላችሁ። አንድ የእርጥበት መለኪያ ሜትር በጋራ ግዙ፣ ገበያው መግቢያ ላይ ይቀመጥ፣ ገበሬው ፊት ይለካ፣ ቁጥሩን በዓይኑ ይይ። ቅናሹም በየመቶኛው ተሠልቶ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ሠንጠረዡን እኔ ሠርቼ ዛሬውኑ እተውላችኋለሁ።